የፖለቲካና የሃይማኖት የጥገኝነት ኬዝ እንዴት ነው የሚመዘነው

ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ኢንተርቪው ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚመስለው ምን ያህል እንደተሰቃየ ሊለኩት ነው። ኢንተርቪው የሚያደርገው ባለሥልጣን ዋና ጥያቄ ግን ሌላ ነው፣ ይሄ ሰው ነገ ቢመለስ ምን ይደርስበታል፣ የሚደርስበትስ በምን ምክንያት ነው? ትናንት መታሰሩ ትልቅ ማስረጃ ነው፣ ግን የሚጠቅመው ነገን ለመገመት ነው። ታስሮ የማያውቅ ሰውንም ሊቀበሉት ይችላሉ።

መነሻው የ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አምስት ምክንያት ይቆጥራል፣ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል መሆንና የፖለቲካ አመለካከት። መጀመሪያ ከ1951 በፊት በሆነ ነገር የተሰደደውን ብቻ ነበር የሚያየው፣ ያንን ገደብ ያነሳው የ1967ቱ ፕሮቶኮል ነው። ፍርሃቱ መሠረት ያለው መሆን አለበት ይላል እንጂ አደጋው መቶ በመቶ ይድረስ አይልም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ከአስር አንድ ዕድል እንኳን ሊበቃ ይችላል ብሏል።

ፖለቲካ ሲባል ሰው ቶሎ የፓርቲ መታወቂያ ነው የሚፈልገው። አያስፈልግም። ካናዳ ውስጥ በ1993 የተወሰነው የዋርድ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው፣ ሰውየው ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የታጠቀ ቡድን አባል ነበር፣ ታጋቾች ጠብቅ ተብሎ ሊገደሉ መሆኑን ሲያውቅ አስመለጣቸው፣ ቡድኑም ሞት ፈረደበት። ንግግር አላደረገም፣ ወረቀት አልበተነም፣ ፍርድ ቤቱ ግን ድርጊቱ ራሱ ፖለቲካዊ አቋም ነው አለ፣ በዛ ላይ ደግሞ አሳዳጁ የሚለጥፍብህ አመለካከት የራስህ ባይሆንም ይቆጠራል ብሏል። ስለዚህ ወንድሙ ተቃዋሚ ስለሆነ ብቻ የሚፈለግ ሰው፣ እኔ ፖለቲካ አልወድም ቢልም ኬዙ የፖለቲካ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ስለ ዚምባብዌ ሰዎች ሲወስን ከዚህም አልፎ ሄደ፣ ምንም አቋም የሌለው ሰው ለመትረፍ ሲል ገዢውን ፓርቲ እደግፋለሁ ብሎ እንዲዋሽ አይጠበቅበትም አለ።

ሃይማኖት ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፣ እምነት የሰው ውስጥ ነዋ። የድሮው አካሄድ ፈተና ነበር፣ አሁንም አልጠፋም፦ አዲስ ኪዳን ስንት መጽሐፍ አለው፣ ይሄ በዓል መቼ ነው የሚውለው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጸልይ ያልተማረ ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል፣ በሳምንት ሸምድዶ የመጣው ያልፋል። የተመድ የስደተኞች ኮሚሽን በ2004 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ዓይነት የእውቀት ጥያቄ ሁሌ አስፈላጊም ጠቃሚም እንዳልሆነ ጽፏል። ጎበዝ ጠያቂ «ተደብቃችሁ ስትሰበሰቡ ጫማችሁን የት ነበር የምታደርጉት» ይላል። በር ላይ ሃያ ጫማ ከተደረደረ ጎረቤት ያያላ! እውነት እዛ የነበረ ሰው ይሄን ሳያስብ ነው የሚመልሰው።

ደብቀህ አምልክ ማለትስ ይቻላል? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 ከፓኪስታን በመጡ አሕመዲያ የሚባለው የእስልምና ክፍል አማኞች ጉዳይ ላይ አይቻልም ብሏል፤ ሰውየው ተመልሶ በአደባባይ የሚያመልክ ከሆነና አደጋ ላይ የሚጥለው ከሆነ፣ ተወው ብሎ መመለስ የለም።

ከተሰደደ በኋላ ሃይማኖት የቀየረ ሰው ከሁሉ በላይ ይጠረጠራል። ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም፣ ኬዝ የሚሸጥ ደላላ አለ፣ አንድ ታሪክ በስም ብቻ ተቀይሮ ደጋግሞ ሲመጣ ጠያቂውም ይሰለቻል፣ ዳፋው ግን ለእውነተኛው ይተርፋል። ተቃራኒውም አለ፦ ስዊድን ውስጥ አንድ ኢራናዊ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ እምነቴ የግሌ ነው ብሎ መጀመሪያ ኬዙ ውስጥ ሊያስገባው አልፈለገም፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን በ2016 እሱ ባይጠቀምበትም ባለሥልጣኖቹ ካወቁ አደጋውን ሳይመረምሩ ሊመልሱት አይችሉም አለ።

ብዙ ኬዝ የሚወድቀው ግን ሕጉ ላይ ሳይሆን ተአማኒነት ላይ ነው። የአገሩ ካላንደር ከፈረንጁ የሚለይ ሰው ቀኑን እዛው በጭንቅላቱ ሲቀይር አንድ ዓመት ይዘላል፣ አስተርጓሚው «ጠሩኝ» ያለውን «አሰሩኝ» ያደርገዋል፣ ከዛ ሁለተኛው ቃል ከመጀመሪያው ጋር ተጋጨ ይባላል። የኮሚሽኑ የ1979 መምሪያ ማስረጃ የማሰባሰቡን ሥራ የጠያቂና የተጠያቂ የጋራ ያደርገዋል፣ ታሪኩ በጥቅሉ የሚታመን ከሆነም ወረቀት ባይኖረውም ጥርጣሬው ለአመልካቹ ይሁን ይላል። ብዙ ቦታ ቃሉ ተመልሶ ይነበብለታል፣ እዛ ጋ ደክሞት ልሂድበት ብሎ ዝም ብሎ የፈረመ ሰው አፒል ላይ «እንደዛ አላልኩም» ሲል መጀመሪያ የሚያሳዩት ፊርማውን ነው።