የብሪታንያ የቀድሞ ዘመን ኮሜዲ፦ ከሬዲዮ እስከ ሚስተር ቢን

በብሪታንያ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ታሪክ ብዙዎች ወርቃማ ዘመን የሚሉት ጊዜ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ያለውን ያጠቃልላል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከሁለት እስከ አራት ብቻ ስለነበሩ፣ የተወደደ ፕሮግራም በሚተላለፍበት ምሽት አያት፣ ወላጅና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይከታተሉት ነበር፤ በማግስቱም በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚወራው ስለ እሱ ነበር። ከእነዚህ ሥራዎች ምርጦቹ ዛሬም በፍቅር የሚታወሱት፣ ምኞታቸው ከአቅማቸው የሚልቅባቸውን ሰዎች ሳይንቁ እያሳዩ ማሳቅ ስለቻሉ ነው።

የዚህ ኮሜዲ ሥር ያለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተስፋፉት፣ ሚዩዚክ ሆል በተባሉት የሕዝብ ቲያትር ቤቶች ውስጥ ነው። ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ምትሃትና ቀልድ በአንድ መድረክ ይቀርብባቸው የነበሩት እነዚህ ቤቶች፣ ቻርሊ ቻፕሊን ወደ አሜሪካ ከመሻገሩ በፊት ሙያውን የተማረባቸው ናቸው። ቀጥሎ የመጣው ሬዲዮ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የቶሚ ሃንድሊ ሳምንታዊ ፕሮግራም ሕዝቡን ሲያጽናና ከቆየ በኋላ፣ ከሠራዊቱ የተመለሱት ስፓይክ ሚሊጋን፣ ፒተር ሴለርስና ሃሪ ሲኮም ከ1951 እስከ 1960 «ዘ ጉን ሾው»ን አቀረቡ። አብዛኛውን የጻፈው ሚሊጋን በድምፅ ብቻ እየተጠቀመ ምንም ካሜራ ሊቀርጸው የማይችል የቅዠት ዓለም ፈጠረ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ኮሜዲያን አብዛኞቹ ልጅ ሳሉ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጥፈው ያደመጡት እሱን ነው።

ሲትኮም የሚባለው፣ ያው ገጸ ባሕርያት በየሳምንቱ የሚገናኙበት ድራማ፣ በብሪታንያ መልክ የያዘው በ1954 በሬዲዮ፣ በ1956 ደግሞ በቴሌቪዥን በጀመረው «ሃንኮክስ ሃፍ አወር» ነው። ደራሲዎቹ ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን የተዋወቁት በ1948፣ ገና በለጋ ዕድሜያቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው በተኙበት የሕክምና ተቋም ነበር። ዋናው ተዋናይ ቶኒ ሃንኮክ የሚጫወተው ራሱን ከሰው ሁሉ የሚያስበልጥ፣ ነገር ግን አንድም የማይሳካለት ሰው ሆኖ ነው። በ1961 በተላለፈው የደም ልገሳ ታሪክ ላይ ሃንኮክ ደረቱን ነፍቶ ደም ሊሰጥ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ለምርመራ ጣቱን ወግቶ አንዲት ጠብታ ሲወስድ፣ ሁሉም ያለቀ መስሎት ለመሄድ ይነሳል። የሚፈለገው ከግማሽ ሊትር በላይ መሆኑ ሲነገረው፣ ይህማ አንድ ክንድ ሙሉ ሊሆን ምን ቀረው ብሎ ይደነግጣል። ተዋናዩ በዚያ ሰሞን የመኪና አደጋ ደርሶበት ጭንቅላቱ ስለተመታ ቃለ ተውኔቱን በቃሉ ሊይዝ ባለመቻሉ፣ በየአቅጣጫው ከተሰቀለለት ጽሑፍ እያነበበ ተወነ፤ ልብ ብሎ ለሚያይ ዓይኖቹ ከሚያነጋግረው ሰው ትከሻ አልፈው ሲሄዱ ይታያሉ። ያም ሆኖ ይህ ክፍል ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የተወደደው ሆነ። ሃንኮክ በ1968 በ44 ዓመቱ ሲድኒ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

ሁለቱ ደራሲዎች ከሃንኮክ ከተለያዩ በኋላ በ1962 የጀመሩት «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» በዚህ ጸሐፊ እምነት የዘመኑ ጥልቁ ሥራ ነው። ታሪኩ በፈረስ ጋሪ አሮጌ ዕቃ እየሰበሰቡ ስለሚኖሩ ሁለት የለንደን ቆራሌዎች፣ ስለ ሽማግሌው አልበርትና አርባ ዓመት ስለተጠጋው ልጁ ሃሮልድ ነው። ሃሮልድ መጽሐፍ የሚያነብ፣ ጥሩ ሙዚቃ የሚወድ፣ ከአባቱ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ለመመሥረት የሚመኝ ሰው ነው። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ጓዙን ጋሪው ላይ ጭኖ ሊሄድ ይነሳል፤ አባቱ ግን ፈረሱን ይከለክለዋል። ልጁ ጋሪውን ራሱ ሊጎትት ይታገላል፤ ጋሪው ንቅንቅ አይልም። ሃሮልድ እየተንሰቀሰቀ ሲያለቅስ አባቱ ሻይ እንዲጠጣ እያባበለ ወደ ቤት ይመልሰዋል። ሲስቅ የቆየ ተመልካች እዚያ ላይ ሲደርስ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። አባትና ልጅ ሆነው የተወኑት ዊልፍሪድ ብራምቤልና ሃሪ ኮርቤት በዕድሜ የሚበላለጡት በ13 ዓመት ብቻ መሆኑን ማመን ያስቸግራል። ተከታታዩ ምን ያህል ተመልካች እንደነበረው ለመረዳት፣ በ1964ቱ ምርጫ ዕለት የሌበር ፓርቲ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን ደጋፊዎቹ ድምፅ ሳይሰጡ ቤት እንዳይቀሩ ሠግቶ ለቢቢሲ አቤት ማለቱንና ፕሮግራሙ ሰዓቱ እንዲገፋ መደረጉን ማስታወስ ይበቃል።

በጂሚ ፔሪና በዴቪድ ክሮፍት የተጻፈው፣ ከ1968 እስከ 1977 በ80 ክፍሎች የቀረበው «ዳድስ አርሚ» ደግሞ ከሁሉም በላይ በቤተሰብ ፍቅር የሚታወስ ነው። በ1940 የጀርመን ወረራ በተሠጋበት ወቅት፣ ለመደበኛው ጦር ያልሆኑ ሽማግሌዎችና ጎረምሶች ሆም ጋርድ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ጦር ታቅፈው ነበር፤ ፔሪም በጉርምስናው አባል ነበር። በተከታታዩ ውስጥ የአንዲት ምናባዊ የባሕር ዳርቻ ከተማ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ራሱን ሻምበል አድርጎ ይሾማል፤ ምክትሉ እዚያው ባንክ ውስጥ ከሥሩ የሚሠራ፣ ነገር ግን በትውልድና በአነጋገር ከእሱ የሚልቅ ሰው ነው። የልኳንዳ ነጋዴው፣ ቀባሪውና የጥቁር ገበያ ነጋዴው ሁሉ በእነሱ ሥር የሚያገለግሉ ናቸው። በአንድ ክፍል ላይ ተማርኮ የመጣ የጀርመን የባሕር ሰርጓጅ አዛዥ፣ ከድል በኋላ የሚቀጣቸውን ሰዎች ስም ይመዘግባል። ፓይክ የተባለው ጎረምሳ በሂትለር ላይ ሲያላግጥ አዛዡ ስሙን ይጠይቃል፤ ሻምበሉም በቁጣ «ፓይክ፣ እንዳትነግረው!» ብሎ ይጮኻል። አንድ ሰው መልካም አስቦ ያበላሸበትን ቅጽበት ከዚህ የበለጠ በአጭር ያሳየ የኮሜዲ ቃል መጥቀስ ያዳግታል። በተከታታዩ ውስጥ የዋሁን አዛውንት ጎድፍሪን የተጫወተው አርኖልድ ሪድሊ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሶም ውጊያ በእውን የቆሰለ ወታደር ነበር። ሽማግሌዎቹ ይሳቅባቸዋል፤ ጠላት ቢመጣ ግን ሸሽተው እንደማይሄዱ ማንም ተመልካች አይጠራጠርም።

ከጥንድ ቀልደኞች መካከል ኤሪክ ሞርካምብንና ኧርኒ ዋይዝን የሚስተካከል አልነበረም። ልጅ ሳሉ በመድረክ የተገናኙት ሁለቱ ጓደኛሞች በ1970ዎቹ የገና ዕለት ፕሮግራማቸውን ከበዓሉ የማይለይ አድርገውት ነበር። በ1971ዱ ዝግጅት ኤሪክ ታዋቂውን የኦርኬስትራ መሪ አንድሬ ፕሬቪንን አቁሞ የግሪግን ፒያኖ ኮንሰርቶ ያበላሻል፤ ፕሬቪን ሲያርመው ኮሌታውን ይዞ፣ የምጫወታቸው ኖታዎች ሁሉ ትክክል ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው የተዛባው ይለዋል። ኤሪክ በግንቦት 1984 ከመድረክ እንደወረደ ወድቆ ሞተ። ከእሱ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቀይ ቆብ እየደፋ ሆን ብሎ የሚከሽፍ ምትሃት ያሳይ የነበረው ቶሚ ኩፐር በቀጥታ ስርጭት ላይ ሳለ መድረክ ላይ ወድቆ አርፏል። ሁለቱን በአንድ ሰሞን ማጣት ለአገሪቱ ከባድ ሐዘን ነበር።

በ1969 የጀመረው «ሞንቲ ፓይተን» የቀልድን መጀመሪያና መጨረሻ አፈራርሶ አዲስ መንገድ ከፈተ፤ ከአባላቱ አንዱ ጆን ክሊስ ደግሞ ከኮኒ ቡዝ ጋር «ፎልቲ ታወርስ»ን ጻፈ። በ1975ና በ1979 የቀረቡት 12 ክፍሎች ብቻ ሲሆኑ፣ እንግዳ የሚጠላው የሆቴል ባለቤት ቤዝል አልነሳ ያለችውን መኪናውን በዛፍ ቅርንጫፍ ሲገርፍ የሚታይበት ትዕይንት ዛሬም አዲስ ነው። ከ1981 ጀምሮ የመጣው የጆን ሰሊቫን «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» በደቡብ ለንደን፣ በአየር በአየር ንግድ በሚመጣው ዓመት ሚሊየነር እንሆናለን እያሉ ስለሚኖሩ ወንድማማቾች ይተርካል፤ በታኅሣሥ 1996 የተላለፈውን ክፍል ከ24 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል።

ከዚያ ዘመን የመጣ ሁሉ ግን የሚናፈቅ አይደለም። ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው የሚቀርቡበት ፕሮግራም በቢቢሲ እስከ 1978 መቆየቱ አሳፋሪ ነው። በ1975 በ16 ዓመቱ የተሰጥኦ ውድድር አሸንፎ የታወቀው የጃማይካውያን ልጅ ሌኒ ሄንሪ ያንን ዘመን አልፎ የራሱ ፕሮግራም ባለቤት ለመሆን በቅቷል። እሱና «ብላክአደር» የተባለው ሲትኮም ደራሲ ሪቻርድ ከርቲስ በ1985 «ኮሚክ ሪሊፍ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲመሠርቱ ምክንያት የሆናቸው፣ እኛ የ77ቱ ድርቅ የምንለው የኢትዮጵያ ረሃብ ነበር። ድርጅቱ በዚያው ዓመት በገና ዕለት ከሱዳን የስደተኞች መጠለያ በቴሌቪዥን ይፋ ሆነ፤ በየካቲት 1988ም በቀልድ ገንዘብ የሚሰበሰብበት የመጀመሪያው የቀይ አፍንጫ ቀን ተከበረ። የብሪታንያ ኮሜዲያን ዝናቸውን ለወገናችን ማዋላቸው በምስጋና ሊታወስ ይገባል።

በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው የዚህ ባህል ውጤት በ1990 የመጀመሪያ ቀን የታየው ሚስተር ቢን ነው። በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረው ሮዋን አትኪንሰን ይህን ገጸ ባሕርይ ያለ ንግግር ማለት ይቻላል ስለሠራው፣ ቋንቋ የማያውቅ ሕፃንም አያትም እኩል ይስቁበታል።

ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። የቪዲዮ ካሴት ውድ ስለነበርና ፕሮግራምን ደጋግሞ ማሳየት በውል የተገደበ ስለነበር፣ ቢቢሲ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ካሴቶቹን እያጠፋ ሌላ ይቀርጽባቸው ነበር። ከ«ዳድስ አርሚ» ጠፍተው ከነበሩት አምስት ክፍሎች ሁለቱ በ2001 ከግለሰብ እጅ በፊልም ተገኝተዋል። ሦስቱ እስከ ዛሬ ባይገኙም ጽሑፋቸው ስለተረፈ በ2019 በአዲስ ተዋንያን ዳግም ተቀርጸው ለእይታ በቅተዋል።