«እሹሩሩ ማለት»፦ ትርጓሜውና አመጣጡ

አዋቂን ሰው «እሹሩሩ አሉት» ከተባለ፣ እቅጩን ሊነግሩት ሲገባ እንደ ሕፃን አባበሉት ማለት ነው። «እዚህ እሹሩሩ የሚልህ የለም» ተግሣጽ ነው። «ሠራተኛውን እሹሩሩ እያለ አበላሸው» ሲባል ግን ወቀሳው የሚያርፈው በአባባዩ ላይ ነው።

ቃሉ የመጣው ሕፃን ከሚያስተኙበት እንጉርጉሮ ነው። «እሽ» ልጅ ዝም ለማሰኘት የምናወጣው ድምፅ ነው፤ «ሩሩ» ደግሞ ለብቻው ፍቺ የሌለው፣ ለዜማው የሚደጋገም ድምፅ። እንደ «ዝም አለ» ሁሉ «አለ» ሲጨመርበት ግሥ ይሆናል። «እሽሩሩ» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ሁለቱም ያስኬዳል።

ምስጢሩ ያለው ግን ግጥሙ ላይ ነው፦

«እናትዬው ቶሎ ነይለት፣
ወተቱን በጡትሽ ይዘሽለት።»

ለሴት ልጅ «ነይላት»፣ «ይዘሽላት» ይባላል። እንግዲህ በዚህ ግጥም የምታዜመው እናትየዋ አይደለችም! እናት ውኃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ሄዳለች፤ ልጁን ያዘለችው እህት፣ አያት ወይም ሞግዚት ናት። እሷ ዘንድ ወተት የለም፤ ያላት ጀርባዋና ዜማዋ ነው። የፈሊጡም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ እሹሩሩ ባይ የተለቀሰበትን ነገር አይሰጥም፣ ለቅሶውን ያስታግሳል እንጂ። ስለዚህ ከ«ማሞላቀቅ» ይለያል፤ ያሞላቀቀ ሰው የተጠየቀውን ሁሉ ሰጥቷል። ለሐዘንተኛም «አጽናናነው» እንጂ «እሹሩሩ አልነው» አይባልም፤ ሐዘኑን ማቃለል ይሆናል።

አሠራሩም ለአነጋገሩ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ልጁ በአንቀልባ ወይም በነጠላ ይታዘላል፤ ያዘለችው ወዲያ ወዲህ እያለች መቀመጫውን በዜማው ምት መታ መታ ታደርገዋለች፣ ዜማውንም ቀስ በቀስ ታቀዘቅዘዋለች። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዓይኑ እንደተከደነ ለማውረድ ሲቸኮል ነው፤ ከገላዋ ሲለይ ባንኖ ይነቃል። በጃፓን ሪከን የተባለው የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት፣ 21 ሕፃናትን ባዩበት ጥናት የመከሩት፣ የሚያለቅስ ልጅ አቅፎ 5 ደቂቃ መራመድን፣ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላም ከ5 እስከ 8 ደቂቃ እንዳቀፉ ተቀምጦ መቆየትን ነው። «እሹሩሩ ለምዷል» የሚባለው ሰውም እንዲሁ ነው፤ ማባበሉ በቆመ ቅጽበት ኩርፊያው እንደ አዲስ ይነሣል።