ቃሪያው በቅሏል፤ ፌስታሉን አንሱለት

ቤታቸው ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች አንድ ዓይነት ፎቶ ይልኩልኛል። ትሪው ላይ ፌስታል ተወጥሯል። ከሥሩ ችግኞቹ ተኝተዋል። ግንዳቸው አፈሩ ጋ ቀጥኖ ክር መስሏል፣ ጠቁሯልም። ጥያቄውም ያው ነው፦ «እንዲህ ሸፍኜ እየተንከባከብኳቸው ለምን ሞቱ?»

የገደላቸው ሽፋኑ ነው። «ችግኙ እስኪጠነክር አይገለጥ» የሚለው ምክር ስንት ትሪ እንደጨረሰ ሳስበው ያናድደኛል።

ዘር ለመብቀል ውሃ መጥጦ ማበጥ አለበት። መንቃት ከጀመረ በኋላ የአፈሩ ፊት ከደረቀ እዚያው ይቀራል። ሽፋን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቡቃያው ብቅ ካለ ግን ሥሩ ውሃውን ከታች ያገኛል። ቅጠሉ የሚፈልገው ነፋሻ አየር ነው። በታፈነ እርጥበት ውስጥ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉ ሻጋታና ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ለጋውን ግንድ ያበሰብሱታል። የወደቀ ችግኝ አይነሳም፣ ጎረቤቱንም ይዞ ይሄዳል።

ገበሬዎቻችን ይህን ያውቁታል። የሽንኩርት ወይም የቃሪያ መደብ ሲዘሩ ሣር ያለብሱታል። ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩን ያነሱለታል። ከዚያ ከፍ ያለ ዳስ ይሠሩለታል፤ ዳሱ ጥላ ይሰጣል፣ አየርም ያሳልፋል። ፌስታሉ በሣሩ ቦታ የገባ ነው። በሣሩ ጊዜ ይነሳ።

አክስቴ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ሁለት ትሪ ቃሪያ አፍልታ ነበር። አንዱን ግማሹ እንደበቀለ ገለጥኩት። ሁለተኛውን «ይበርዳቸዋል ልጄ» ብላ ከለከለችኝ። በሳምንቱ ስመለስ የኔው ቆሟል። ከሷ ትሪ የተረፉት ሰባት ነበሩ።

ስለዚህ ግማሽ ያህሉ ሲበቅል ጀምሩ። የመጀመሪያ ቀን ጠርዙን፣ በማግስቱ ግማሹን፣ በሦስተኛው ቀን ሙሉውን ግለጡ። ሰላጣና ቃሪያ አንድ ትሪ ላይ አትዝሩ። ሰላጣ በሳምንት ውስጥ ይወጣል። ቃሪያ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ታዲያ ሽፋኑን ለየትኛው ብላችሁ ታነሳላችሁ?

«የተሸፈነ ትሪ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ» የሚባለውም ስህተት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷን አይታችሁ ፀሐይዋን አትናቁ። እኩለ ቀን ላይ በረንዳ የዋለ የተከደነ ትሪ ዘሩን ይቀቅለዋል። ቃሪያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይስማማዋል። ሰላጣ ግን ከ30 ሲያልፍ መብቀሉን ሊተው ይችላል። ብርሃን ያለበት ጥላ ይበቃል።

«ላስቲኩ ካላበው አፈሩ እርጥብ ነው።» አይደለም። ትሪውን አንሱና ክብደቱን እዩ። ከቀለለ ከታች አጠጡት።

«ቀረፋ ብትነሰንሱበት ይድናል።» የወደቀውን አያድነውም።

«ማንኛውም ዘር ይሸፈን።» ባቄላ፣ አተርና ዱባ ጠለቅ ብለው ስለሚዘሩ ሽፋን አያሻቸውም። እርጥበት ከበዛባቸው ይበሰብሳሉ።

«የተለየ ክዳን መግዛት ያስፈልጋል።» ገንዘባችሁን ያዙ። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣችሁ ድፉበት። ሲበቅል መጀመሪያ ክዳኑን ፍቱ፣ በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱን አንሱት። አጥባችሁ ለሚቀጥለው ዘር አስቀምጡት።