ረኒንግ ሪጊንግ ምንድን ነው? የባለሸራ ጀልባን ገመዶች በአነስተኛ ወጪ ስለመተካት

በባለሸራ ጀልባ ላይ ሁለት ዓይነት ማሰሪያ አለ። አንደኛው ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ወጥረው የሚያቆሙት የብረት ሽቦዎች ናቸው፤ አንዴ ከተወጠሩ በኋላ ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ እንግሊዝኛው «ስታንዲንግ ሪጊንግ» ይላቸዋል። ሁለተኛው «ረኒንግ ሪጊንግ» የሚባለው ሲሆን፣ ሸራውን ለመስቀል፣ ለማውረድ፣ ለመሳብና ለማላላት በፑሊዎች ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚሮጡት ገመዶች ሁሉ የጋራ መጠሪያ ነው። ሸራውን ወደ ምሰሶው አናት የሚያወጣው ገመድ ሃልያርድ ይባላል። ከተሰቀለ በኋላ ሸራው ነፋሱን የሚቀበልበትን ማዕዘን የሚወስነው ገመድ ሺት ሲሆን፣ ነፋስ ሲበረታ የሸራውን ስፋት ለመቀነስ የሚያገለግሉት ደግሞ የሪፍ ገመዶች ናቸው።

ወጪውን በተጨባጭ ለማየት አንድ የታወቀ ጀልባ እንውሰድ። «ዌስተርሊ ሴንቶር» እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1980 ድረስ በእንግሊዝ አገር ከ2,400 በላይ የተሠራ፣ 7.92 ሜትር ርዝመትና 3 ቶን ገደማ ክብደት ያለው የቤተሰብ ጀልባ ነው። አካሉ ፋይበርግላስ በመሆኑ ብዙዎቹ ዛሬም ባሕር ላይ ናቸው፤ ዋጋቸውም ስለ ወረደ መጠነኛ ገቢ ያለው ሰው ሊገዛቸው ይችላል። ነገር ግን ገመዶቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ አዲስ ይሁኑ ከተባለ፣ ሒሳቡ ከጀልባው መግዣ ጋር ሲነጻጸር ቀላል የማይባል ድርሻ ይይዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ከገበያው ርካሹን ገመድ ገዝቶ ሁሉንም ለመቀየር ይሞክራል። እኔ ግን ቁጠባው ያለው ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አብዛኞቹ ገመዶች ቦታ መቀየር እንጂ መጣል አያስፈልጋቸውም፤ ገንዘቡም በቅድሚያ መዋል ያለበት በሃልያርዶቹ ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት ገመድ የት የት እንደሚያልቅ ማወቅ ይገባል። ሸራው ሁልጊዜ የሚሰቀለው እዚያው ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ሃልያርዱ ሸክሙን ይዞ የሚውለው በተመሳሳይ ሦስት ቦታዎች ነው፤ ከሸራው ጋር በሚያያዝበት ጫፍ፣ በምሰሶው አናት ባለው ፑሊ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ፣ እንዲሁም ታች መቆንጠጫው በሚነክሰው ቦታ። የቀረውን ብዙ ሜትር ገመድ ከፀሐይና ከጨው በቀር እምብዛም የሚጎዳው የለም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ገመዱን አውርዶ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ መዳሰስ የግድ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከዓይን ይልቅ ጣት ይታመናል። ላዩ ሱፍ መስሎ መንጨባረሩ ብቻውን አያስፈራም፤ ጣት ሲያልፍበት ድንገት የሚሳሳ ወይም የሚላላ ቦታ ካጋጠመ ግን፣ ሽፋኑ ደህና ቢመስልም ውስጠኛው እምብርት መጎዳቱን ያመለክታል። ደርቆ የሚያንጸባርቅ ቦታ በሰበቃ ሙቀት የቀለጠ ነው፤ ሲታጠፍ ደቃቅ ብናኝ የሚያራግፍ ደግሞ ፀሐይ የበላው ነው። እምብርቱ በሽፋኑ ቀዳዳ የሚታይ ገመድ ሸክም ሊሸከም አይገባውም።

ጉዳቱ ገና ጀማሪ ከሆነና ገመዱ ትርፍ ርዝመት ካለው፣ ከሸራው በኩል 50 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጦ እንደገና ማሰር ብቻ ሦስቱንም የተፋቁ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ከሸክም ነጥባቸው ያሸሻቸዋል። ትርፍ ከሌለው ደግሞ ገመዱን ገልብጦ የታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ ማድረግ ይቻላል። አዲስ ሃልያርድ ሲገዛ ከሚያስፈልገው 1 ወይም 2 ሜትር አስረዝሞ መግዛትን አጥብቄ የምመክረውም ለዚህ ነው፤ ያች ትርፍ ርዝመት በየጊዜው እየተቆረጠች የገመዱን ዕድሜ በዓመታት ታራዝማለች። የደረቀና የሚንኮሻኮሽ ገመድም ሁልጊዜ ያረጀ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የያዘው ጨው ነው። በትራስ ልብስ ውስጥ ተቋጥሮ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ ያለ በረኪና ቢታጠብ ይለሰልሳል።

መግዛት ግድ ሲሆን ጥያቄው ምን ዓይነት ገመድ ይሁን የሚለው ነው። ለእንዲህ ያለ ጀልባ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ፣ እምብርቱም ሽፋኑም የተጎነጎነ የፖሊስተር ገመድ ጥንካሬው ከበቂ በላይ ነው፤ ለመበጠስ በቶን የሚቆጠር ኃይል ይፈልጋል። ልዩነት የሚያመጣው መለጠጡ ነው። 10 ሜትር ሃልያርድ በነፋስ ኃይል 2 በመቶ ቢለጠጥ 20 ሴንቲሜትር ረዘመ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሸራው የፊት ጠርዝ ይላላል፣ ሸራው ሆድ ያወጣል፣ ጀልባውም ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን ያዘነብላል። ዳይኒማ የተባለው ሰው ሠራሽ ቃጫ እምብርት የሆነለት ገመድ ይህን መለጠጥ እጅግ ይቀንሰዋል፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከፖሊስተሩ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ ዳይኒማውን ለሃልያርዶቹ ብቻ ገዝቶ፣ ለሺቶቹና ለቀሩት ፖሊስተር መጠቀም ሚዛናዊ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ለመዝናናት ብቻ በሸራ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ቀድሞ ተስቦ የተዘጋጀ ፖሊስተር ለሃልያርድም ይበቃዋል። ዳይኒማ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭኑን ገዝቶ ዋጋ ማካካስ እንደሚቻል የሚያስቡ አሉ፤ ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ለ10 ሚሊሜትር የተሠራ መቆንጠጫ 8 ሚሊሜትሩን ላይዝ ስለሚችልና መቆንጠጫው ከገመዱ የበለጠ ሊያስወጣ ስለሚችል አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል።

በነጻ ወይም በርካሽ የሚገኙ ነገር ግን ለዚህ ሥራ የማይሆኑ ገመዶችም አሉ። ናይለን ለመልሕቅና ጀልባን ወደብ ላይ ለማሰር እጅግ ጥሩ ነው፤ ጥሩ የሚያደርገው ግን መለጠጡ ስለሆነ ሸራ አይሰቀልበትም። ተራራ ወጪዎች የሚጥሉት ገመድም የወደቀን ሰው ቀስ አድርጎ ለመያዝ እንዲለጠጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። በሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፀሐይ ቶሎ ይሰባብረዋል።

የሺት ርዝመት በተለምዶ የጀልባው ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ለሴንቶር በየጎኑ 12 ሜትር፣ በድምሩ 24 ሜትር ማለት ነው። ሃልያርድ የምሰሶው ቁመት ሁለት እጥፍ ሆኖ፣ ገመዱ እስከ መሪው አጠገብ የሚመጣበት ርቀትና የእጅ መያዣ ይጨመርበታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የወረደውን አሮጌ ገመድ መለካት ነው። የሽቦና የገመድ ቅጥል ሃልያርድ በነበረው አሮጌ ምሰሶ ላይ ደግሞ የአናቱን ፑሊ ማየት ይገባል፤ ሽቦው የሞረደው ጠባብ ቦይ አዲሱን ገመድ በአንድ የጉዞ ወቅት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ገመዱ በምሰሶው ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው መቀየሩ ነው። አሮጌው ገመድ አዲሱን እየጎተተ እንዲያስገባው፣ የሁለቱ ጫፎች ተደራርበው ሳይሆን ጫፍ ለጫፍ ገጥመው በወፍራም ክር ይሰፋሉ፤ መርፌው በሁለቱም እምብርት ውስጥ ደጋግሞ ማለፍ አለበት። ከዚያ በላዩ ቀጭን ቴፕ አንድ ዙር ብቻ ይጠመጠማል፤ ቴፕ ሲበዛ መገጣጠሚያው ወፍሮ ፑሊው ላይ ይቀረቀራል። በቴፕ ብቻ የተያያዘ ጫፍ ምሰሶው አናት ላይ ከተላቀቀ፣ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ክብደት የታሰረበት ሲባጎ በምሰሶው ውስጥ መልቀቅ ሊኖርበት ነው። ሲጎተትም አንዱ ከታች ቀስ እያለ ይስባል፣ ሌላው መገጣጠሚያው ወደ አናቱ ሲቃረብ እያየ ይናገራል።

የወረደው ሃልያርድ ደህናው ክፍል ተቆርጦ የሪፍ ገመድ ይሆናል፤ የሪፉ አሮጌ ገመድ ደግሞ ሸራ ማሰሪያ ይሆናል። ጀልባው በማይንቀሳቀስበት የብርድ ወራትም በዚያው የመስፋት ዘዴ ቀጭን ሲባጎ በምሰሶው ውስጥ ትቶ ሃልያርዶቹን ወደ ቤት መውሰድ ይቻላል፤ ታጥበው፣ ጥላ ውስጥ ደርቀው፣ ልቅ ብለው ተጠምጥመው ከተቀመጡ በጸደይ በዚያው ሲባጎ ተመልሰው ይገባሉ።