«ወጣት ጥፋተኛ» ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከእኛ ብሎክ ጀርባ ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ አለ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። አንዷ ቆርቆሮ ከሥሯ ተገንጥላለች፤ ውሻና ልጅ ይሾልክባታል። መስከረም 2018 አንድ ቅዳሜ ጠዋት በዚያች ቀዳዳ አንድ ልጅ ሲወጣ ጥበቃው ማጅራቱን ያዘው። ልጁ በጀርባው ማዳበሪያ ተሸክሟል። ማዳበሪያው መሬት ሲነካ ኳ አለ። ቁርጥራጭ ፌሮ ነበር። ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል።

ሰው ለመሰብሰብ ደቂቃ አልፈጀበትም። «ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል?» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። ቀበቶውን መፍታት የጀመረም ነበር። ልጁ አያለቅስም። አንድ እግሩ ሸበጥ አድርጓል፣ ሌላው ባዶውን ጭቃ ላይ ነው። ይሄኔ ጥግ ላይ ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ «ቆይ፣ ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ጮኸች። ልጁን ለማስጣል የፈጠረችው ዘዴ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነገሩን ሳጣራ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ሕጉ የሚጠይቀውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት።

«ወጣት ጥፋተኛ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በዚህ ልጅ ምክንያት ነው። ምስክር ሆኜ ተጠራሁ፣ ወረቀቱ ላይ ቃሉ ነበር። ትንሽ ያደናግራል። በእኛ ሰፈር ወጣት ማለት 30 ዓመት አልፎት ተደራጅቶ ሼድ የሚጠብቅ ሰው ነው። የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ እንኳ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የወንጀል ሕጉ ወጣት ግን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ነው። እኛ ጩጬ የምንለው ማለት ነው። ፖሊሲው ወጣትነትን በሚጀምርበት ዕድሜ ሕጉ ይጨርሰዋል።

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ የሰውን ዕድሜ በሦስት ይከፍላል። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ምንም ያድርግ ምን በወንጀል አይጠየቅም፤ ነገሩ የወላጅና የአሳዳጊ ነው። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፣ ግን በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ለእሱ የተለየ እርምጃ ተቀምጦለታል። 15 አልፎት 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ የሞት ቅጣት ግን በምንም ሁኔታ አይፈረድበትም። የሚቆጠረውም ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው፣ ፍርድ ቤት የቆመበት ቀን አይደለም።

መስመሮቹ ወረቀት ላይ ሲታዩ ጥርት ያሉ ናቸው። ችግሩ ልጁ ከየትኛው መስመር ወዲህ እንደሆነ ማን ያውቃል የሚለው ነው።

ጣቢያ ሄደን መርማሪው እናቱን «ስንት ዓመቱ ነው?» ሲላት፣ «ሳጅን፣ መለስ የሞቱ ጊዜ ጡት ይጠባ ነበር» አለች። እየቀለደች አይደለም። አቶ መለስ ያረፉት ነሐሴ 2004 ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ደግሞ 3 ወሩም ሊሆን ይችላል፣ 2 ዓመቱም። በጣታችን ቆጠርን። ልጁ 13 ዓመቱ ሊሆን ይችላል። 15 አልፎትም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በዚች ሴት ጡት ላይ ሁለት የተለያዩ ሕጎች ተንጠልጥለዋል።

የልደት የምስክር ወረቀት የለውም። ሊገርመን አይገባም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው፣ ልጁ ከዚያ በፊት ነው የተወለደው። የክትባት ካርዱ ቤት ሲቀያየሩ ጠፍቷል። የትምህርት ቤት ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ አንደኛ ክፍል ለማስገባት የተገመተ ነው። ይህን ያላደረገ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ። የክርስትና ወረቀት ያለው ሰው በዚህ ጊዜ ዕድለኛ ነው። እሷ ጋ እሱም የለም።

እንዲህ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይላካል። የእጅ አንጓ ራጅ ይነሳል፣ ጥርስ ይታያል። የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ እያደገ የሚሄድ ክፍል አለ፣ ዕድገት ሲያበቃ ይገጥማል። ሐኪሙ የሚያየው እሱን ነው። ግን አጥንት የልደት ቀን አይናገርም። የሚሰጠው ግምት ነው፣ ከዚህ እስከዚህ የሚል። የእኛ ልጅ ደብዳቤ «ከ14 እስከ 16» ይል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ለልጁ ይተርጎም ይላል። ዳኛዋም እንደዚያው አደረገች፣ ዝቅተኛውን ወሰደች። ከፍተኛውን የሚወስድ ዳኛ ቢገጥመው ኖሮስ? ይሄን ሳስብ አንዳንዴ ሆዴን ይቆርጠኛል።

አሁን ደግሞ መንገዱ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ ልጅ ሲያዝ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። እንደ አዋቂው መዝገብ ተከፍቶ በምርመራ ቀጠሮ መንከራተት የለም። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረም ዳኛው ልጁን ለወላጁ ወይም ለዘመዱ ያስረክበዋል፤ እነሱ ከሌሉ ኃላፊነት ለሚወስድ ታማኝ ሰው። ከባድ ወንጀል ካልሆነ በቀር ክስ ተብሎ የሚጻፍ ነገር እንኳ የለም። ይህ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሳነበው የገረመኝ ደግነቱ ነው። የድሮ ሕግ ዱላ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዱላም አላጣውም፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዳኛ ልጅን እንዲያስገርፍ ይፈቅድ ነበር። የ1996ቱ ያንን አውጥቶታል።

ታዲያ ቅዳሜ የተያዘ ልጅ የትኛው ፍርድ ቤት ይወሰዳል? ቅዳሜ ነው። ልጁ ጣቢያ ሁለት ሌሊት አደረ። ለብቻው ሊሆን ሲገባው፣ ሞባይል ነጥቀዋል ከተባሉ ሁለት ጎልማሶች ጋር በአንድ ክፍል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች ከአዋቂ ተለይተው ይያዙ ይላል። ተረኛውን ስጠይቀው «ክፍሉ አንድ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለልጁ ዳቦ ሲገዛለት አይቻለሁ። ክፍሉም እውነትም አንድ ነው። በአንዳንድ የአዲስ አበባ ጣቢያዎች የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከት ክፍል አለ። ከተማው ዳር ላይ ግን ከተማው ራሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አገልግሎቱ በኋላ እያዘገመ ይመጣል። ውኃውም መብራቱም እንደዚያው ነበር። ደግሞ እዚህ ዳር ላይ አንድ አስፋልት ተሻግሮ የተያዘ ልጅ በኦሮሚያ ጣቢያና ፍርድ ቤት ነው የሚታየው። የወንጀል ሕጉ አንድ ነው፤ ልጁን ተቀብሎ የሚያስተናግደው ሰው ግን ይለያያል።

እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ውስጥ ምን እንደተማረ አላውቅም። ሰኞ ዕለት ግን እንደ ቅዳሜው ልጅ አልነበረም። ሰው ሲያየው ዓይኑን መልሶ ያፈጥ ጀመር።

ፍርድ ቤቱን በቴሌቪዥን እንደማየው ጠብቄ ነበር። ክፍሉ ቢሮ ነው። ጠረጴዛ፣ አምስት ስድስት ወንበር፣ መስኮት ላይ የደረቀ አበባ። ሕጉ የልጅ ጉዳይ በዝግ፣ ያለ ብዙ ሥርዓት ይታይ ይላል። ወላጅ፣ ምስክር፣ ባለሙያ፣ ከዚያ ውጭ ማንም አይገባም። ቃሌን ሰጥቼ ወጣሁ። ቆየት ብሎ ልጁንም አስወጡትና አጠገቤ አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ስለ አባቱ ሊያወሩ ነው መሰለኝ። ልጁ ሊሰማው የማይገባ ነገር ሲነሳ ዳኛው እንዲያስወጣው ሕጉ ይፈቅዳል።

ዝም ብለን ተቀመጥን። እኔ «ለምን ሰረቅህ?» የሚለውን ጥያቄ ምላሴ ላይ አድርጌ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ጥበቃው ከሥራ ወጣ እንዴ?»

አልወጣም። ከደመወዙ ግን ቆርጠውበታል፤ ለቅዳሜው ፌሮ ብቻ ሳይሆን ክረምቱን ሙሉ ለጠፋው። ነገርኩት። አቀርቅሮ የሸበጡን ማሰሪያ ይነካካ ጀመር። ብሩን ምን አደረግህበት ስለው ፕሌይ ስቴሽን ቤት አለኝ። ደብተር ገዛሁበት ቢለኝ ለጽሑፌ ያምር ነበር፤ ያለው ግን ይሄንን ነው።

ዳኛው ከ9 እስከ 15 ባለ ልጅ ላይ ምን ሊወስን ይችላል? ልጁ ታሞ ወይም ሱስ ይዞት ከሆነ ወደ ሕክምና። ወላጁ የማይችል ከሆነ ለዘመድ ወይም ሌላ ታማኝ ሰው በክትትል እንዲያሳድገው። ጥፋቱ ቀላል ከሆነ ተግሣጽ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ወይም ቤት ተወስኖ እንዲቆይ። ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ ወደ ማረሚያና ተሀድሶ ተቋም፤ ከ1 ዓመት ያላነሰ፣ ከ5 ዓመት ያልበለጠ፣ 18 ሲሞላው የሚያበቃ። አዲስ አበባ ውስጥ ልደታ ያለው ተቋም ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ለዚህ ነው። አዋቂን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ ነው እስር የሚነሳው። ደስ ያለኝ አንድ ነገር አለ፦ ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱ የተወሰደበት ልጅ በወንጀል እንደተቀጣ ሰው አይቆጠርም። ነገ ሥራ ሲጠይቅ «ተቀጥተህ ታውቃለህ?» ቢሉት መልሱ አላውቅም ነው።

ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ አኗኗር፣ ትምህርትና ጤና ባለሙያና ቤተሰብ ሊጠይቅ ይችላል። አባትየውን አንስተው የነበረው ለዚህ ነው።

ይህን ለብሎካችን ኮሚቴ ስተርክ አንድ አባወራ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት አነሱብኝ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ እንቁላል ሲሰርቅ እናቱ ዝም አለችው፣ አድጎ በሬ ሰረቀ፣ ሊሰቀል ሲወሰድ እናቱን ወቀሳት። «ስለዚህ ገና በጠዋቱ እሰሩት ነው ተረቱ!» አሉ። እኔ እንደዚያ አይገባኝም። ልጁ የወቀሰው እናቱን ነው፣ ወህኒ ቤቱን አይደለም። በእንቁላሉ ጊዜ ለምን አላሰሩኝም አላለም። የወንጀል ሕጉ የልጆች ክፍል እኮ ራሱ የእንቁላሉ ጊዜ ነው፦ እናት፣ ዘመድ፣ ተግሣጽ፣ ትምህርት ቤት። የእኛ ልጅ ሁለቱን ነጣቂዎች ያገኛቸው ግን ገና በእንቁላሉ ነው።

በሕጉ ሁለት ቦታ ላይ አልስማማም። አንደኛው 9 ዓመት ነው። 9 ዓመት ሦስተኛ ክፍል ነው! የሕፃናት መብት ኮሚቴው በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አገሮች ቢያንስ 14 እንዲያደርጉት መክሯል። ኬንያም 8 የነበረውን በ2022 ወደ 12 ከፍ አድርጋዋለች። ሁለተኛው ከ15 እስከ 18 ያለው ክፍተት ነው። አገራችን ራሷ የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት ልጅ የሚለው 18 ያልሞላውን ሁሉ ነው። የ16 ዓመት ፍንዳታ የሚያገኘው ግን የዳኛውን መልካም ፈቃድ ነው። «ሊያቀል ይችላል» እና «ማቅለል አለበት» አንድ አይደሉም።

ጥበቃው ግን ከእኔ ጋር አይስማማም። «ልጅ ነው ልጅ ነው ትላላችሁ፣ የኔስ ልጅ?» ብሎኛል። ልክ ነው። ከተቆረጠበት ደመወዝ ማንም አልመለሰለትም። ማንም ደግሞ ቆራሌው ጋ ሄዶ አልጠየቀም፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱ ወንጀል ሆኖ ሳለ። ጎልማሳው በሚዛኑ ጀርባ ቀረ፣ ልጁ ብቻ ችሎት ወጣ።

በልጁ ላይ የተወሰነው ተግሣጽ ነው፤ ክትትሉ ለአጎቱ ተሰጠ። አጎቱ ቃሊቲ ጋራዥ አለው። ልጁ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ጋራዥ ይውላል። ጥበቃውን ሰላም ይለዋል። ጥበቃው አንዳንድ ቀን ይመልስለታል፣ አንዳንድ ቀን አይመልስለትም።

እናቱን ሰሞኑን ወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰልፍ ይዛ አገኘኋት። ታናሽ እህቱን አዝላለች፣ እጇ ላይ የጤና ጣቢያ ወረቀት። «ለዚችኛዋ የልደት ወረቀት ላወጣ ነው» አለችኝ። ከፊቷ 11 ሰው ነበር። ሲስተም የለም ተብለው ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቁ ነው።