ወታደሩን መጠየቅ መጥላት አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ጠዋት ጠዋት ሻይ የምንጠጣበት ቤት አለ። በሩ ላይ ያለችውን አግዳሚ ሁሌ የሚይዟት አንድ አባት ናቸው። ሰፈሩ "ሃምሳ አለቃ" ይላቸዋል። የቀድሞ ጦር ነበሩ። ግንቦት 1983 ኢሕአዴግ በዘመቻ ዋለልኝ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ ክፍላቸው እዚሁ ወሎ ውስጥ ተበተነ። ዛሬ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ናቸው። የጦርነት ወሬ ሲነሳ ብዙ አይናገሩም። የተሳሳተ ነገር ሲሰሙ ግን የሻይ ብርጭቋቸውን ያስቀምጣሉ። ያኔ ሁላችንም ዝም እንላለን።

ደሴ ጦርነትን በወሬ አይደለም የምታውቀው። ህዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደብድበዋታል። 1983ን አይታለች። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ ህዳር 27 ቆይታለች። ይህን ሁሉ አሳልፈንም ስለ ጦርና መንግሥት፣ ስለ ጦርና ሕዝብ የምናወራው ነገር ብዙው ልክ አይደለም። ከነዚህ መካከል ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሳ።

"የደርግ ጦር የተሸነፈው ወታደሩ ስላልተዋጋ ነው"

ሃምሳ አለቃን ብርጭቆ የሚያስቀምጣቸው ይሄ ነው። ወታደሩ ለዓመታት ተዋግቷል፤ ብዙው እዚያው ቀርቷል። ችግሩ ያለው ከላይ ነው። በየክፍሉ ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት ሰው ነበሩ። ሁለቱም በየራሳቸው መስመር ወደ ላይ ሪፖርት ያደርጋሉ። አዛዡ ጠላትን ብቻ ሳይሆን ጎኑ ያሉትንም ይፈራል። "አዛዣችን ዛሬ ሌሊት ቦታ እንቀይር አለ" ብለው አጫውተውናል አንድ ቀን። "ኮሚሳሩ መጀመሪያ ከበላይ ልጠይቅ አለ። መልሱ ሳይመጣ ነጋ። ሲነጋ ተከበናል።"

ትልቁም ሥዕል ከዚህ አይለይም። የካቲት 1980 ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። ወር ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት ላይ፣ አፍአበት ወደቀች፤ ናደው ዕዝም አብሮ ፈረሰ። ግንቦት 8 ቀን 1981 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተገደሉ። ያ ሁሉ ልምድ አንድ ጊዜ ሲጠፋ ሌላ ጄኔራል ከየት ይመጣል? ጄኔራል በአንድ ሌሊት አይበቅልም። ስለዚህ "ወታደሩ ፈርቶ ነው" የሚለው ስህተት ብቻ አይደለም። በየገደሉ ለቀሩት ልጆች ትልቅ በደል ነው።

"ወታደር ሥልጣን ቢይዝ ቢያንስ ወታደሩ ይጠቀማል"

ደርግ ራሱ መልሱ ነው። የደርግ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሌተናል ጄኔራል አማን አንዶም ናቸው። ሥልጣን ላይ የቆዩት ሦስት ወር እንኳ አይሞላም፤ ህዳር 14 ቀን 1967 ተገደሉ። ቀጥሎም ተራው ሰው ተራውን አገኘ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሕግና ወግ ያለው አገልግሎት ነበር። መሬት ላይ ሲወርድ አፈሳ ሆነ። የወሎ እናቶች ገበያ የላኩትን ልጅ ማታ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ አድረዋል። መኮንኑ ፖለቲከኛ ሲሆን ሥራውን የሚሠራለት የለም። ሲያጠፋም የሚያርመው አይኖርም።

"ውጊያ የማያውቅ ሰው እንዴት መከላከያ ሚኒስትር ይሆናል?"

ይሄኛው አጭር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ላይ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን በግልጽ ያዛል። የሚኒስትሩ ሥራ ጦር ማሰለፍ አይደለም፤ ለዚያ ኤታማዦር ሹም አለ። ሚኒስትሩ በጀቱን፣ ፖሊሲውን፣ ተጠያቂነቱን ይይዛል። አይሻ መሐመድ በ2011 የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ "እሷ ስለ ጦር ምን ታውቃለች?" ያለ ሰው ብዙ ነበር። ጥያቄው ራሱ ቦታውን የሳተ ነው። ሐኪም ስላልሆነ የሆስፒታል ቦርድ አባል አይሁን የምንለው ሰው የለም።

"አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ሕግ የለም ማለት ነው"

ይህን ሰው በቁጭትም በፍርሃትም ይለዋል። ከኖርንበት ነገር አንጻር አይገርመኝም። ግን ማወቅ ያለብን ነገር አለ። አንቀጽ 93 አዋጁን ራሱን በሕግ ያስረዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦለት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለበት። መጀመሪያ የሚቆየው እስከ 6 ወር ነው። ከዚያ በየ4 ወሩ እንደገና ይጠየቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው ጥር 2016 ላይ ለ4 ወር የተራዘመው ለዚህ ነው። በአዋጁ ጊዜም ቢሆን ኢሰብአዊ አያያዝ ክልክል ነው፤ አንቀጽ 18 አይነካም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለውን መርማሪ ቦርድ ነው። 7 አባላት አሉት። በአዋጁ ምክንያት የታሰሩ ሰዎችን ስም፣ ከታሰሩበት ምክንያት ጋር፣ በ1 ወር ውስጥ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ልጇ የት እንዳለ ያላወቀች እናት ይህን ብታውቅ ቢያንስ ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች። "ሕግ የለም" ስንል እኮ የመጠየቂያውን በር በራሳችን እጅ እየዘጋን ነው።

"የታዘዘ ወታደር አይጠየቅም"

ይጠየቃል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ የትእዛዙን ሕገወጥነት እያወቀ የፈጸመን የበታች ተጠያቂ ያደርጋል። ሰው መግደልና ቤት ማቃጠል "አላወቅሁም" የሚባሉ አይደሉም። ያዘዘውም አይቀርለትም። ሕጉ ለሁሉም ታጣቂ አንድ ነው። ደሴ በ2014 ሆስፒታሏን ያገኘችው ተዘርፎ ነው። የሕሙማን ዕቃ መውሰድ በየትኛውም ወገን ልብስ ቢፈጸም ያው ወንጀል ነው።

"ስንቅ ያቀበለ ሕዝብ፣ ጥያቄ ካነሳ ከዳ"

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጥቅምት 2014 ላይ ደሴ ከሰሜን ወሎ በተፈናቀለ ሰው ሞልታ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ። እናቴ በአንድ ምጣድ ለተፈናቃይም ለወታደርም ትጋግር ነበር። አንዱን እንጀራ አጥፋ ስታስቀምጥ "ይሄ ለልጆቹ ነው" ትላለች። የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ አትለይም። እንዲህ ያደረገች ሴት፣ የሰፈሯ ልጅ ያለ ጥፋቱ ሲመታ "ለምን?" ብትል ከዳተኛ የምትባልበት ምክንያት የለም።

ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። ያው አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ይላል። አንቀጽ 55 ደግሞ የመከላከያም ሆነ የፖሊስ ኃይል ሰብአዊ መብት ከጣሰ ምክር ቤቱ እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ጥያቄ ማንሳት ታዲያ ሕገ መንግሥታዊ ሥራ ነው። እኔ ያየሁት ደግሞ ይሄ ነው፦ ሰው የሚጠይቅበት ቦታ ሲያጣ መረጃውን ይደብቃል፣ ልጁን ያሸሻል፣ በሩን ይዘጋል። ወታደሩም በማያውቀው ሰፈር ብቻውን ይቀራል። እሱም የሰው ልጅ ነው። የሚጎዳው ሁለቱም ነው።

"ጦርነቱ ቆመ፤ ወታደሩም ቤቱ ገባ፤ አለቀ"

በ1983 ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ጦር ተበተነ። እነሱን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ገጠር ገብቶ መሬት ያገኘው እንደምንም ቆመ። ከተማ የቀረው ግን ለዓመታት ተንገላቷል። በየመንገዱ ዳር በአሮጌ የጦር ካፖርት ሲለምኑ የምናያቸውን ሰዎች የእኔ ዕድሜ ሰው አይረሳቸውም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም፣ ህዳር 2015 ላይ፣ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ወደ ሰላማዊ ሕይወት ይመለሳሉ ተብለው የታቀዱት ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። ይህ የአንድ ሰሞን ሥራ አይደለም።

ሃምሳ አለቃ ያኔ፣ በ1983፣ ለመመዝገብ ካምፕ አልገቡም። ሽሽት ላይ ሆነው በአቋራጭ ቤታቸው ገቡ። በዚህ ምክንያት የተሰናበቱበት ወረቀት የላቸውም። አገልግሎታቸውን የሚያስረዳ ነገር በተጠየቁ ቁጥር ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ባለፈው አንድ ልጅ ሻይ ቤቱ መጣ፤ በቅርቡ ከጦር የተመለሰ ነው፣ አንድ እግሩን ያነክሳል። ጠጋ ብለው አግዳሚዋ ላይ ቦታ ለቀቁለት። ሻይ አዘዙለት። የት እንደተዋጋ አልጠየቁትም።

"ልጄ፣ ወረቀትህን ሰጡህ?" ነው ያሉት።