ጋዋኑ ከተመለሰ በኋላ፦ ቋሚ ደመወዝ ስለሌለው ተመራቂ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጋዋኑ ተመልሷል። ፋሲል ግቢ ፎቶ ተነስተናል፤ ድግሱም አልፏል። ከዚያ ነሐሴ መጣ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ሦስት ሆነን በተከራየናት ክፍል ውስጥ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማሁ ከረምኩ። ደመወዝ የለኝም። ግን ጨርሶ ገንዘብ አላገኝም ማለት አይደለም። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አስጠና ነበር፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እተይብ ነበር፣ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ሆቴል ቤት እሯሯጥ ነበር። መካሪ በሽ ነው። ከምክሩ ግማሹ ግን ስህተት ነበር። እዚህ የማነሳው እኔን ወይም ጓደኞቼን ዋጋ ያስከፈለውን ነው።

«ስራ አጥ ሆነህ ከተመዘገብክ በየወሩ ይከፈልሃል»

ይህን ወሬ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። አጎቴ በስልክ «መንግስት የሚቆርጥልህ ነገር የለም እንዴ?» አለኝ። የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተመርቆ ስራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ስህተቱ ግን በሌላም በኩል አለ። ክፍያ የለውም ብሎ ጭራሽ አለመመዝገብ። እኔ እንደዚያ ብዬ አምስት ወር ዘገየሁ። ተደራጅቶ ብድር ለመጠየቅም ሆነ የመስሪያ ቦታ ለመጠበቅ መነሻው የቀበሌው የስራ ፈላጊ ምዝገባ ነው። በመጨረሻ ስሄድ ሠራተኛዋ መታወቂያዬን ገልብጣ አየችና «ወንድሜ፣ አንተ እኮ የደንቢያ ነዋሪ ነህ፤ መሸኛ አምጣ» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ጎንደር ኖሬ በወረቀት ጎንደር የለሁም። ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ሄጄ የቀበሌውን ሊቀመንበር ስጠብቅ ቀኑ አለቀ። ከተማው ውስጥ ለመቆየት ያሰበ ሰው መሸኛውን ገና ተማሪ ሳለ ቢጨርስ ይሻለዋል።

የከተማ ሴፍቲኔትም ሌላው በከንቱ ተስፋ የሚጣልበት ነገር ነው። እሱ የሚያየው የቤተሰብን ድህነት ነው። ዲግሪ ስላለህ ወይም ስራ ስለሌለህ ብቻ አይመርጥህም።

«የወጣቶች ፈንድ ስጦታ ነው»

ብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦ ሲጀመር ስሙ ራሱ ተዘዋዋሪ ፈንድ ነበር። አንዱ ካልመለሰ ለሌላው አይዞርም። በቡድን ስትወስዱ ደግሞ አብሮ የፈረመው ጓደኛህ ቢጠፋ ጣጣው ለአንተም ይተርፋል። በስልክ የሚገኘውም የቴሌብር ብድር ያው ነው፤ ትንሽ ብትመስልም የአገልግሎት ክፍያ አላት።

«ስራ ካላገኘሁ ኮስት ሼሪንግ አይመለከተኝም»

ይሄ ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚሸወድበት። በየዓመቱ ሬጅስትራር ደጃፍ ተሰልፈን፣ ሳናነበው የፈረምናት ቅጽ ትዝ ትላችኋለች? የኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የወጪ መጋራት፣ ውል ናት። የምግብና የዶርም ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶው በእኛ ስም ተመዝግቧል። አከፋፈሉ ከገቢ ጋር የተያያዘ ነው። ስትቀጠር አሠሪው ከደመወዝህ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል። ስለዚህ ገቢ እስከሌለህ ድረስ ማንም በርህን አያንኳኳም። እስከዚህ ትክክል ነው።

ችግሩ ኦሪጅናሉ ዲግሪ ላይ ነው። በእጃችን ያለው ቴምፖራሪ ነው። ለአብዛኛው የስራ ማመልከቻ ይበቃል። ኦሪጅናሉን ለማውጣት ግን ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። አብራኝ የተማረች ልጅ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታ ኦሪጅናል ተጠየቀች። ሙሉውን በአንድ ጊዜ መክፈል ነበረባት። ብሩን ከዘመድ አዝማድ ስትሰበስብ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ዕዳዋ ስንት እንደሆነ እንኳ ያወቀችው ያኔ ነው።

ከግቢ ሳትወጡ ጠቅላላ ዕዳችሁን ጠይቁና ቅጹን ኮፒ አድርጉ። ስትቀጠሩም «አሠሪው ቆርጧል» ብላችሁ አትተኙ። በስማችሁ ገቢ ስለመደረጉ፣ ስራ ስትለቁ በደብዳቤ ተቀበሉ። እኔ የመጀመሪያ ስራዬን ስለቅ ይህን አላደረግኩም። የአራት ወር ተቆራጬን ለማረጋገጥ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ደመወዝ የሌለው ሰው በጀት ምን ያደርግለታል?»

እንዲያውም በጀት የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ባለ ደመወዝማ ወሩ ሲደርስ ይሞላለታል። የኛ ስህተት በአማካይ ማሰብ ነው። የደብተሬን አምስት ወር ላሳያችሁ። መስከረም 6,000 ብር፣ ጥቅምት 2,500፣ ኅዳር ምንም፣ ታኅሣሥ 4,000፣ ጥር 9,000። አማካዩ 4,300 ነው። ታዲያ በወር 4,300 እያወጣሁ ልኑር ብል ጥቅምት ሳያልቅ እጄ ባዶ ነው፤ ኅዳር ላይ ዕዳ ውስጥ ነኝ። በ2,500 ብኖር ግን ከመስከረም የተረፈው ኅዳርን ያሻግረኛል፤ ጥር መጨረሻ ላይ 9,000 ብር በእጄ ይቀራል።

2,500 ብር ለሰው አይበቃም የሚለኝ አለ። ልክ ነው። የበቃኝ ጤፍና ሽሮ ከቤት ስለሚመጣ፣ ኪራዩንም ለሦስት ስለምንካፈል ነው። እናቴ የምትልከው ስንቅ በደብተሬ ውስጥ አልነበረም። በኋላ ግን «ስንቅ» ብዬ አንድ መስመር ሰጠሁት። መንገድ ተዘግቶ ስንቁ የቀረ ሰሞን ነው ዋጋው የገባኝ።

«ገንዘብ በእጅህ ካልበረከተ እቁብ ግባ»

እቁብን የምወድ ሰው ነኝ። ግን እቁብ የሚጥመው ቋሚ ገቢ ላለው ነው። ዕጣው የወጣልህ ዕለት ባለ ዕዳ ሆነሃል። ወጣልህም አልወጣልህም ትጥላለህ። የማውቀው ልጅ በሁለተኛው ዙር ወጣለትና ላፕቶፕ ገዛ። በአምስተኛው የሚጥለው አጣ። ዋሱ አክስቱ ነበረች፤ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ሸጣ የምትኖር። የእቁቡ ዳኛ የሄደው ወደ እሷ ነው።

መግባት ካለብህ የምትጥለው ብር በክፉው ወርህ የምትችለው ይሁን። ዕጣው ቀድሞ ቢወጣልህም ወደ መጨረሻ ካለ ሰው ጋር መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ዳኛውን ጠይቅ። ያኔ እቁቡ ዕዳ መሆኑ ይቀርና ቁጠባ ይሆንልሃል።

«ቤተሰቤ የጤና መድህን አለው፤ እኔም አለሁበት»

ግቢ እያለን ብንታመም የተማሪ ክሊኒክ አለ። ከምረቃ በኋላ እሱ የለም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በወላጆች መዋጮ ይካተታሉ። ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ተጨማሪ ይከፈልበታል፣ ደብተሩ ላይም መግባት አለበት። ምዝገባና እድሳቱ በዓመት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ወቅቱ ሳያልፍ ቤት ደውሉ።

አገልግሎቱ ደግሞ የሚጀምረው ውል ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። እኔ በጥርስ ሕመም ሌሊት ተነስቼ ሄጄ፣ ጠዋት የከፈልኩት ያንን ወር ያስጠናሁበትን ነው።

«የአራት ወር ኮንትራት ምንም አይቆጠርም»

ይቆጠራል። የግል ድርጅት ጡረታ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ሠራተኛም ያካትታል። ከአንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል። የጡረታ ቁጥርህ አንድ ነው፤ ቀጣዩ ስራ ላይ ይቀጥላል። የስራ ልምድ ደብዳቤም ስትለቅ ያለ ክፍያ የሚሰጥህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። አንዳንድ ቀጣሪ ግን ደብዳቤው ብቻ አይበቃውም፤ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቃል። ደመወዝህ ከ2,000 ብር በታች ከሆነ፣ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የሚቆረጥብህ የስራ ግብር የለም። ስለዚህ ግብር ቢቆረጥብህም ባይቆረጥብህም ማሳያ እንዲሆንህ፣ የደመወዝ መክፈያውን ሊስት ኮፒ፣ ማህተም ያለበትን፣ ከመልቀቅህ በፊት ከሒሳብ ክፍል ውሰድ። የኔዎቹ በቢጫ ፖስታ ውስጥ ፍራሼ ሥር ናቸው።